ሁለቱም እኔ ነኝ

ሆሳዕና፣ ግንቦት

ለቀድሞ እጮኛዬ፣
ጅማ

ጤናሽ እንዴት ነው? ጨጓራሽ ተሻለሽ ወይስ እዚያም ቁርስ ሳትቀምሺ ላብራቶሪ ትገቢያለሽ? የጅማ ዝናብ የታጠበ ልብስ አያደርቅም ይላሉና ለነጭ ጋዋንሽ አሰብኩ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት፤ ምላሷን የሚያማት ነገር ግን እስካሁን አልተገኘም። ጎረቤቱም ሁሉ ሰላም ነው። ዶሮዎቹም ከሞቱት በቀር ደህና ናቸው።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ እንዳይገርምሽ። ቴሌግራም ላይ ዘግተሽኛል። ስደውልልሽ ያቺ የስልኳ ሴትዮ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም ትለኛለች፤ ዘንድሮ ከእሷ ጋር ያወራሁትን ያህል ከማንም ጋር አላወራሁም። ኢሜይል ስልክልሽ ደግሞ ለሥራ ጉዳይ ካልሆነ እንዳልጽፍ በአንድ መስመር መለስሽልኝ። እኔም ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ይኸው የሥራ ጉዳይ ላክሁ። ከዶሮዎቹ ደም የተለየው ሴረም በቱቦ ሆኖ አይስ ቦክሱ ውስጥ ነው፤ ይህ ደብዳቤ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከክዳኑ ሥር ተለጥፏል። ናሙና እየሞቀ ዝም ብለሽ የምታዪ ሰው ስላልሆንሽ ሳጥኑን ሳትከፍቺ እንደማትመልሺው አውቃለሁ። ተንኮል ነው ካልሽ፣ አዎ፣ ተንኮል ነው።

መጀመሪያ ሥራውን ልጨርስ። ፈንግል ሰፈራችን ገባ። ከፋሲካ በኋላ አንዷ ጎረቤታችን ከገበያ የገዛቻትን ዶሮ ይዛ መጣች፤ በሳምንቱ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ አንገቱን እየጠመዘዘ ወደቀ። ጠዋት የሚቀሰቅስ አውራ ዶሮ ጠፍቶ የመንግሥት ሠራተኛው በሙሉ ሥራ አረፈደ፤ ለነገሩ ድሮም ያረፍድ ነበር፣ አሁን ግን ምክንያት አገኘ። ያ ሁላችንም የምንፈራው በሽታ በእማዬ ጓሮ በሽቦ ከፋፍዬ ያኖርኳቸው የጥናታችን ዶሮዎች ዘንድም ደረሰ።

ነጭ ቀለበት እግራቸው ላይ ያሰርኩላቸው አለቁ። ነጮቹ እነማን እንደሆኑ አትረሺም፤ ለክትባቱ ከፈንግል ቫይረስ የወሰድናቸውን ሁለት ቁራጮች፣ ለቢ ሴል የሚሆነውንና ለቲ ሴል የሚሆነውን፣ በአንድ ሲሪንጅ ቀላቅዬ የወጋኋቸው ናቸው። አንቺ አይሠራም ያልሽው፣ እኔ ደግሞ ጠረጴዛ እየደበደብኩ ይሠራል ያልኩት። አልሠራም። ከፈለግሽ ይህችን መስመር ቆርጠሽ ላብራቶሪሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊያት።

እንግዲህ የሞቱት ዶሮዎች ናቸው ይህን ሁሉ ያስጻፉኝ። እንዴት እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ ግን በመጀመሪያ ሽማግሌ ስለላክንባት ስለዚያች ቅዳሜ ላውራ። ከእናንተ ቤት በኩል የሆነውን ታውቂዋለሽ። ከእኛ ቤት በኩል የሆነውን ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ስላልተጠየቅሁም ሆዴ ውስጥ ኮምጥጧል።

ሐሳቡ የእማዬ ነው። የልጅቷ አባት ዱራሜ ናቸው፣ የእናቷ ወንድም የሆኑት አጎቷ ደግሞ ዳምቦያ። ሽማግሌ አንዴ ዱራሜ፣ ሌላ ጊዜ ዳምቦያ ከሚንከራተት ሁለቱም ጋ በአንድ ቅዳሜ ቢደረስ ምናለበት አለች። ጋሽ አቤሴሎም አባትሽ ዘንድ እንዲሄዱ ተመደቡ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፣ የእግዜር ሰላምታ ሲሰጡ እንኳ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አሜን ይላል። ጋሽ ሀሰን ደግሞ ወደ አጎትሽ። የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ፤ በሚኒባስ ሥራ ያረጁ ናቸውና ዳምቦያ ላይ የማያውቁት ሰውም የማያውቁት ጉድጓድም የለም። ለየራሳቸው አንዳንድ ባልዲ ማር ተያዘላቸው። እማዬ እንዴት ነው ብላ ስትጠይቀኝ እኔ የተማርኩት ሰውዬ ጊዜ ይቆጥባል አልኳት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ለሌላ ሰው የተነገረ አድርጌ ነው የማውቀው።

የቤታችሁን ደንብ ለአንቺ መንገር ለቀባሪው አረዱት ይሆንብኛል። ቢሆንም እኔ ያወቅሁት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነውና እንደገባኝ ልጻፈው፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። በእናንተ ቤት ሽማግሌ የያዘው ማር መጀመሪያ አባት ፊት ይቀርባል። አባት ነገሩን ካልጠሉት ከዚያው ማር ለራሳቸው ይቀንሱና የቀረውን በእነዚያው ሽማግሌዎች እጅ ለእናት ወንድም ይልካሉ። አጎት ባልዲውን ከፍተው የጎደለ ማር ሲያዩ አባት እንደተስማሙ ያውቃሉ፤ የመጨረሻዋን ቃል የሚሰጡት ያን ጊዜ ነው። ያለ እሳቸው ቃል አባት እሺ ቢሉም ሠርግ የለም። ሙሉ ማር ይዞ አጎት ዘንድ የመጣ ሰው ግን አባትየውን ዘልሎ በጓሮ የገባ ሰው ነው።

እንግዲህ ጋሽ ሀሰን እስከ አፉ የሞላ ባልዲ ይዘው በጓሮ ገቡ።

በዚህ ቢበቃ እንኳ ጥሩ ነበር። ጋሽ አቤሴሎም ዱራሜ ላይ ልጁ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፣ በመዘምራን መካከል ያደገ፣ ቃሉ የተመጠነ ነው ብለው አባትሽን አሳመኑ። ጋሽ ሀሰን በበኩላቸው አጎትሽ ገበሬ ስለሆኑ ለገበሬ ጆሮ የሚጥመውን መረጡ፤ ልጁ የዶሮ ሐኪም ነው፣ እጁ ኩስ በኩስ ቢሆንም ልቡ ንጹሕ ነው አሉ። ጋሽ አቤሴሎም በትምህርት ቤት ስሜ ጠሩኝ። ጋሽ ሀሰን አባቴ በሕፃንነቴ ባወጣልኝ የቤት ስም። ሁለቱም አንዲት ቃል አልዋሹም።

አጎትሽ የባልዲውን ክዳን ከፍተው ሙሉውን ማር እንዳዩ ወደ አባትሽ ደወሉ። እዚያ ጋሽ አቤሴሎም ገና የመዝጊያውን ጸሎት አልጨረሱም ነበር። አጎትሽ አንድ የዶሮ ሐኪም ሳያስፈቅድ ሊገባብን ነው ብለው ተቆጡ። አባትሽ እኔ ጋ ያለው ደግሞ መምህር ነው አሉ።  ከዚያ አባትሽ ልጄ ጨረታ አልወጣችም ብለው ሁለቱም ባልዲ በመጣበት እንዲመለስ አዘዙ። ጋሽ አቤሴሎምም በዚህ ላይ አሜን አሉ፤ ጸሎቱን በሌላ መንገድ የሚዘጉበት አጥተው።

ማታውን አባትሽ አስጠርተውሽ መምህሩን ነው ወይስ የዶሮ ሐኪሙን የምትፈልጊው ብለው ሲጠይቁሽ ሁለቱንም አልፈልግም አልሽ። ይህን የነገረችኝ ታናሽ እህትሽ ናት፤ እየሳቀች ነው የነገረችኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላት። እኔስ በአንድ ጀምበር ሁለት ጊዜ የተባረርኩ ሰው ሆኜ ቀረሁ። ሁለቱም እኔ ነኝ። ከሀዲያ እስከ ከምባታ ብትጠይቂ ከራሱ ጋር ተወዳድሮ ሁለተኛ የወጣ ሌላ ሰው አታገኚም።

እማዬ በበኩሏ ደስታ ይመጣል ብላ ዶሮ አርዳ ወጥ ሠርታ ነበር። ከየትኛው ወገን እንዳረደች ስጠይቃት የወፈሩትን አለችኝ። የወፈሩት ነጭ ቀለበት ያላቸው ነበሩ። ስለዚህ ጋሽ አቤሴሎም የእምቢታውን ወሬ በየጉርሻው እየነገሩኝ የጥናቴን ናሙና በሉት። ቀለበቶቹን እማዬ እስከ ዛሬ ከቁልፏ ጋር አስራ ትይዛቸዋለች፤ ጠንካራ ናቸው ትላለች።

ያን ሳምንት ከአንቺ ጋር በሁለት ነገር ተጣላን፤ በዶሮው ክትባትና በሽማግሌው። እኔ ሁለት የተለያየ ጠብ ይመስለኝ ነበር። አንቺ ጅማ የሥራ ማስታወቂያ አይተሽ ሻንጣሽን ስትሸክፊም ለክትባቱ የተቆጣሽው በዛ፣ ሴትዮዋ ለቁራጭ ፕሮቲን እንዲህ ትሆናለች እንዴ ብዬ ነበር። እውነቴን ነው።

ነጮቹ ዶሮዎች ያለቁ ዕለት ታዲያ ጋሽ ሀሰን ሊያጽናኑን መጡ። ለዶሮ ልቅሶ አይደረስም፤ እሳቸው ግን ጫት የማይቅሙ፣ ወሬ የማያልፋቸው ሰው ናቸው። ጋሽ አቤሴሎምም ነበሩ፤ በተበሉት ሁለት ዶሮዎች ምክንያት የቤተሰብ ያህል ተሰምቷቸው መሰለኝ። ጋሽ ሀሰን ሁለቱን መድኃኒት አንድ ላይ ከወሰዱ ለምን ሞቱ፣ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ አይደል ወይ አሉኝ። እኔም ያንኑ ተረት ለአንቺ እንደተረትኩብሽ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

አስረዳኋቸው። አንደኛው ወታደር ቢ ሴል ይባላል፣ በሽታውን ከሩቁ በመልኩ ያውቀዋል፣ ጥይቱን የሚያመርተውም እሱ ነው አልኳቸው። ነገር ግን ብቻውን ደፍሮ ብዙ አያመርትም፣ ቢያመርትም ቶሎ ይደክመዋል፤ ቲ ሴል የሚባለውን ጓደኛውን ቃል ይጠብቃል። ቲ ሴል ደግሞ መልክ አያይም፤ ተቆርጦ፣ ተከትፎ፣ በሌላ ሴል ገላ ላይ ተይዞ ካልቀረበለት በሽታውን አያውቀውም። ስለዚህ ቢ ሴል የያዘውን ይውጥና ይቆራርጠዋል፣ ከዚያው ቀንሶ በላዩ ላይ ይዞ ቲ ሴል ዘንድ ይሄዳል። ቲ ሴል ቁራጩን አይቶ ካወቀው ቃል ይሰጠዋል፤ ያን ጊዜ ነው ዶሮዋ የምትጠበቀው። እኔ ግን ሁለቱን ቁራጭ ሳላያይዝ ለየብቻ ወጋሁ። ቢ ሴል የራሱን ቁራጭ ዋጠ፤ ቲ የሚያውቀው ቁራጭ እሱ ውስጥ የለም፣ ምን ይዞ ይሂድ? ቲ ሴልም የራሱን ቁራጭ በሌላ በኩል አየ፤ ከቢ ሴል ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር የለም። ሁለቱም ተጠየቁ፣ ሁለቱም እውነቱን አዩ፣ ነገሩ አንድ መሆኑን ግን…

እዚህ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ ሁለቱን ሽማግሌዎች አየሁ።

ጋሽ ሀሰን ልክ እንደ ባልዲዎቹ አሉ፣ ቀስ ብለው። ጋሽ አቤሴሎም ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።  ከዚያ ጋሽ ሀሰን ለካ ዶሮም አጎት አላት ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እማዬ እኔ ከመጀመሪያው አብረው ይሂዱ ብዬ ነበር አለች። አላለችም። ነገር ግን የምትሞግታት አንቺ እዚህ ስለሌለሽ ውሸቷ እውነት ሆኖ አደረ።

በአንድ ሲሪንጅ መሆን መያያዝ እንዳልሆነ፣ በአንድ ቅዳሜ መሄድም አብሮ መሄድ እንዳልሆነ አንቺ ያን ሳምንት ገብቶሽ ነበር። ድር ቢያብር ነው እንጂ ድር ቢጠጋጋ አይልም ብለሽኝ ነበር። እኔ ስለ ፕሮቲኑ ብቻ የምትናገሪ መስሎኝ በፕሮቲኑ ተከራከርኩሽ።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ፣ ፈንግል ከመግባቱ ቀደም ብሎ፣ እልሄን ውጬ ሰሌዳው ላይ ትተሽው የሄድሽውን ሥዕል አወጣሁ። ሁለቱን ቁራጭ እንደ ሣልሽው በአንድ ክር አያይዤ፣ አንድ ፕሮቲን አድርጌ አሠራሁና ሌሎች ዶሮዎች ወጋሁ። ሰማያዊ ቀለበት ያላቸው እነሱ ናቸው። ሰፈሩ ሲወድቅ፣ ነጮቹ በሽቦው ማዶ ሲያልቁ፣ እነዚህ የእማዬን ጎመን እየነቀሉ ነበር። ዛሬም እየነቀሉ ነው። እማዬ ጥናቱ ተሳካ ስላት ለማን ነው የተሳካው ትላለች።

እንደምታውቂኝ ግን ጥቂት ዶሮ ቆሞ ስለተገኘ ሠርቷል አልልም፤ ዕድልም ይሆናል፣ አጥሩም ይሆናል። ለዚህ ነው ደማቸው ወደ አንቺ የመጣው። ቱቦዎቹ ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ የትኛው ቁጥር የየትኛው ቀለበት እንደሆነ የምታውቀው የላብራቶሪያችን ሪሀና ብቻ ናት፣ እሷም አንቺ ለክተሽ ውጤቱን እስክትልኪ ለእኔም አትነግረኝም። ለምኛት ነበር፤ ሰደበችኝ። እንዲህ ያለ ሰው አሠልጥነሽልኝ ስለሄድሽ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ግን ሥዕልሽ ላይም የለም። ቢና ቲ እያልን ስንጣላ ሦስተኛዋን ሁለታችንም ዘለናታል። መርፌው ገና ሲያርፍ ከሁሉ በፊት የሚያገኘው ዴንድሪቲክ ሴል የምትባለውን ነው፤ ቁራጩን ተቀብላ፣ አገላብጣ አይታ፣ መጀመሪያ ለቲ ሴል ወስዳ የምታሳየው እሷ ናት። እሷ ካልፈቀደችው ቲ አይነሣም፣ ቲ ካልተነሣ ቢ ቃል የሚሰጠው የለም። ያ ሁሉ ሽማግሌ፣ ያ ሁሉ ደንብ ከእሷ በኋላ ነው። ለእሷ የሚሆን መቀስቀሻ በክትባቱ ላይ መጨመር እንዳለብን ሰሞኑን እያሰብኩ ነው። ያችን ቅዳሜ እኮ እማዬ ታውቅ ነበር፣ ጋሽ ሀሰን ያውቁ ነበር፣ የሚኒባሱ ረዳት ሳይቀር ያውቅ ነበር። አንቺ የሰማሽው ከአባትሽ ነው።

ናፍቀሽኛል። ይህን በሥራ ጉዳይ መካከል ማስገባት ደንብ አይደለም፤ አስገብቼዋለሁ።

አሁን ሳጥኑን ተመልከቺ። በጎኑ በገመድ የታሰረ የማርማላታ ጠርሙስ አለ። ምግብና ናሙና አንድ ላይ ብለሽ እንዳትጮሂ ከውጭ ነው ያሰርኩት፣ በሁለት ፌስታልም ተጠቅልሏል። ማር ነው፤ ጋሽ ሀሰን ራሳቸው ጊምቢቹ ድረስ ሄደው አመጡት። እስከ አፉ ሙሉ ነው። እማዬ ጣቷን እንዳትነክርበት ላብራቶሪ ቆልፌበት ነው ያሳደርኩት። ዱራሜ አልደረሰም፣ ዳምቦያም አልደረሰም። ከአንቺ በፊት ማንም አልከፈተውም።

ሳጥኑ ባዶውን መመለስ አለበት፤ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነው። ጠርሙሱም አብሮ ይመለስ። እንደ ሄደ ሙሉ ከመጣ ገብቶኛል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዶሮ ብቻ እጽፍልሻለሁ፣ በኢሜይል፣ በጨዋ ደንብ፣ ጨጓራሽን እንኳ ሳልጠይቅ። ጎድሎ ከመጣ ግን ያችኑ ጠርሙስ ጋሽ አቤሴሎምና ጋሽ ሀሰን አብረው፣ በአንድ ሚኒባስ፣ መጀመሪያ ዱራሜ፣ ከዚያ ዳምቦያ ይወስዷታል። በአንድ ስም እንዲጠሩኝም ተስማምተዋል፤ በየትኛው እንደሆነ ገና ይከራከራሉ። ትንሽ ጠርሙስ ስለሆነች ለሁሉም እንድትዳረስ ብዙ አትውሰጂ። አንድ ማንኪያ ይበቃል። ጠዋት በባዶ ሆድ ከሆነ ለጨጓራም ጥሩ ነው ይላሉ።

ለጨጓራዬ ብዬ ነው የቀመስኩት ብለሽ ብትጽፊልኝም አምንሻለሁ። ጋሽ ሀሰን ግን አያምኑሽም፤ ከትናንት ጀምሮ ሚኒባሱን እያጠቡ ነው።

እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክ፣ የምትለኪው ሁሉ እውነቱን ይንገርሽ። ጋሽ አቤሴሎም ጸልየውልሻል፤ እንደምታውቂያቸው ገና አልጨረሱም። እማዬም ሰላም ብላሻለች፤ ሰማያዊ ቀለበት ያላቸውን እንደማታርድ ለአንቺ ስትል ምላለች። ጌታ በሰላም ያቆይሽ።

የቀድሞ የሚለውን ቃል አንቺ እስክትሰርዢው ድረስ፣
የቀድሞ እጮኛሽ
(መምህሩም፣ የዶሮ ሐኪሙም)